ጓጉንቸሩ ተቆልፎ ነበር

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ጅማ ላይ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ሰሞን፣ ቆጪ ከሚገኘው ቤቴ ተነሥቼ አጂፕ አካባቢ ወዳለው የቡና መጋዘን በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ በባጃጅ ተመላልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የሄድኩት የመጋዘኑ ጓጉንቸር መቆለፉን ለማየት ሲሆን ሦስቱንም ጊዜ ተቆልፎ አገኘሁት። በሦስተኛው ላይ ዘበኛው ካፖርታቸውን ደርበው ከጎጇቸው ወጡና «ልጄ፣ ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አሉኝ። የምመልሰው ስለጠፋኝ ረስቼው የሄድኩት ወረቀት አለ ብዬ ዋሸኋቸው፤ ውሸቴን ለማስመሰልም ከፍቼ ገብቼ ባዶ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ከፍቼ በመውጣቴ ደግሞ እንደገና መቆለፍ ግድ ሆነና የመጠራጠሩ ነገር ከሀ ተጀመረ።

በዚያን ጊዜ የያዘኝ ነገር ኦሲዲ የሚባል የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ ስም እንዳለውም አላውቅም ነበር። ስሙን ለማወቅ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ይህን የምጽፈውም እኔ በከንቱ ያሳለፍኩትን ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሊያሳጥረው ቢችል ብዬ ነው።

ሥራዬ የንብረት ክፍል ኃላፊነት ነው። የተበጠረና የተለቀመ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ እየተሰፋ ይገባል፣ ይቆጠራል፣ ይወጣል፤ ከገጠር በፈረሱላ ተመዝኖ የሚመጣውንም በ17 ኪሎ እያባዛሁ ወደ መዝገብ የማስገባው እኔ ነኝ። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ጠንቃቃ መሆን እንጀራ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ መቁጠሬንና ሦስት ጊዜ መቆለፌን አሠሪዬ ለሌሎች ሠራተኞች ምሳሌ አድርጎ ይናገርልኝ ነበር። በሽታው ሥር የሰደደው በዚህ ሙስና ሥር ተሸሽጎ ነው እላለሁ፤ ሙስና ያልኩት ሙገሳውን ነው፣ ምክንያቱም እኔን የሸነገለኝ ከጉቦ ባልተናነሰ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት የሚያልቀው ሥራ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚዘልቅ ሲሆን ግን ሙገሳው ቆመና ጥያቄው መጣ።

ሰዎች ብዙውን ጊዜ የማይረዱት አንድ ነገር አለ። እኔ ጓጉንቸሩን መቆለፌን አልረሳሁም። ዓይኔ አይቶታል፣ እጄ ጎትቶት እምቢ ብሎታል፣ ጆሮዬም «ቀጭ» ሲል ሰምቶታል። የጎደለኝ መረጃ ሳይሆን ሌላው ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚያገኘው፣ «በቃ፣ ተቆልፏል» ብሎ ፊትን የሚያዞር የልብ እርካታ ነበር። ያንን እርካታ ፍለጋ በደጋገምኩ ቁጥር ደግሞ የባሰ ይርቀኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የታተመ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሙከራ፣ ጤነኛ ሰዎች በኮምፒዩተር ላይ የጋዝ ምድጃን እየደጋገሙ እንዲፈትሹ ባደረገ ጊዜ፣ የማስታወስ ችሎታቸው እንዳለ ሆኖ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነት ግን መሸርሸሩን አሳይቷል። አሥራ አንደኛው መቆለፍ ከአሥረኛው ጋር ይምታታል፤ የትኛውን እንዳየህ አታውቅም። ማረጋገጥ ራሱ ጥርጣሬን ይወልዳል ማለት ነው።

እኔ ግን ብልሃት አገኘሁ ብዬ ጓጉንቸሩን በስልኬ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ። ለጥቂት ቀናት ሠራ። ከዚያ «ይህ ፎቶ የዛሬ ነው ወይስ የትናንት?» የሚል መጣ፤ ቀኑን የሚያሳይ ጋዜጣ ከጎኑ እያደረግሁ አነሣ ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ «ካነሣህ በኋላ ነክተኸው ከሆነስ?» አለኝ። ወደ ሕክምና በሄድኩበት ቀን በስልኬ ውስጥ ከ300 በላይ የአንድ ጓጉንቸር ፎቶ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ፤ ነገር ግን እንደኔ ዝም ብሎ የሚሠቃይ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ቢኖሩ የሚያስፈልጋቸው ይህኛው ክፍል ነው። በጥር 2013 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለድን። ክርስትና ልትነሣ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ ባለቤቴ ታቅፋት ተቀምጣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሐሳብ «በዚህ ቢላዋ ብትወጋትስ?» ብሎ በአእምሮዬ አለፈ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ላብ አጠመቀኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ብሎ ሽንኩርቱን ይቀጥል ይሆናል፤ እኔ ግን «እንዲህ ያለ ነገር በልቡናው የሚያልፍ ሰው ምን ዓይነት አውሬ ነው?» ብዬ ራሴን ከሰስኩ፣ መርማሪም ምስክርም ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢላዋዎቹን ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከቁም ሣጥን ጀርባ ደበቅኋቸው፤ ልጄን መታቀፍ ተውኩ፤ ከእርሷ ጋር ብቻዬን ላለመቅረት ሰበብ እየፈለግሁ መጋዘን አመሸሁ። ባለቤቴ ሴት በመወለዷ የከፋኝ መስሏት ስምንት ወር ሙሉ በልቧ ይዛ አለቀሰች። እኔም አልነገርኳትም፤ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ሐሳቡ በመጣ ቁጥር «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ 41 ጊዜ መቁጠር ያዝኩ። ጸሎቱ የአባቶቼ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም፤ የእኔ አቆጣጠር ግን ጸሎት አልነበረም። 30 ላይ ስደርስ አንዱን የዘለልኩ ከመሰለኝ ከአንድ እጀምራለሁ፤ ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ ስለምቆጥር አጠገቤ ያለ ሰው አያውቅብኝም። የጓጉንቸሩ ነገር ለዘበኛው ይታያል፤ ይህኛው ግን በሰው ፊት ቆሜ፣ እየሳቅሁ ሁሉ የሚፈጸም ነበር። ስለዚህ ይህን ሕመም እጅ ከመታጠብና ቤት ከማጽዳት ጋር ብቻ አያይዞ የሚያውቅ ሰው እንደኔ ያለውን አይቶ ሊያልፈው ይችላል። እኔ በዚያ በኮሮና ጊዜ እንኳ እጄን ከሌላው ሰው አብልጬ አልታጠብኩም።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ተናዘዝኩ፤ ቀለለኝ። በሦስተኛው ቀን «በደንብ አላስረዳኋቸውም» አልኩና ተመለስኩ። በአንድ ወር ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ ስመጣ አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝና «ልጄ፣ አንዴ የተናዘዝከውን ሁለተኛ አትናዘዘው። ይህ የኃጢአት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አልቆ ነበር» አሉኝ። ጠበልም ተጠመቅሁ፤ ጥቂት ቀን ሰላም አገኘሁ፤ ከዚያ ጥርጣሬው ራሱ ጠበሉ ሁሉንም ሰውነቴን ስለማዳረሱ ሆነ። ወደ አንድ የግል ክሊኒክም ሄጄ ነበር፤ በግማሽ ቀልብ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብቻ ስላልኩ ቫይታሚንና ዕረፍት ታዞልኝ ተመለስኩ። የተናገርኩት ግማሹን ስለሆነ የታከምኩትም ግማሹን ነው፤ ለዚያ ባለሙያውን ብቻ አልወቅስም።

ነገሩን በትክክለኛ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠሩት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ጅማ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ግቢ ተጋርቶ፣ ቡናውን ተጠራርቶ ይጠጣል፤ ሐጂም የቤቴን በር እጀታ ስመላለስበት ከበረንዳቸው ሆነው ሲያዩኝ ኖረዋል። አንድ ማለዳ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይህ ወስዋስ ነው። እኛ ዘንድ በውዱእ ይመጣል፤ ሰውየው ሲታጠብ፣ ሲደግም፣ የሶላቱ ወቅት ያልፈዋል። ዑለማዎቹ ምን ይላሉ መሰለህ? እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም» አሉኝ። ለካ ይህ ጭንቀት ጥንታዊ ነው፤ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ምዕተ ዓመት የኖረው በዛሬዋ አፍጋኒስታን የሚገኘው የባልኽ ከተማ ሊቅ አቡ ዘይድ ከሌሎች የነፍስ ሕመሞች ለይቶ ስለ ወስዋስ መጻፉን በኋላ አነበብኩ። ሐጂ ምክራቸውን ሲጨርሱ ደግሞ «የልጄ ልጅ እንዲህ ሆኖ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ታክሟል፤ ሂድ» ብለው ገፋፉኝ። ሃይማኖተኛ ሽማግሌ ወደ ሐኪም ሲልኩኝ የሆነ ሸክም ከላዬ ወረደ።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተሰለፍኩ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ጃንጥላዬን ፊቴ ላይ አጋድዬ ነበር። ከሐፍረቱ የባሰው ፍርሃቴ ግን «የቢላዋውን ከነገርኳቸው ልጄን ይነጥቁኛል፣ ፖሊስ ይጠራሉ» የሚል ነበር። ስለ ጓጉንቸሩ ብቻ ነግሬ ልወጣ ስል፣ ወጣቷ ሐኪም «ከዚህ የባሰ፣ ለማንም ያልነገሩት ሐሳብ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልደነገጠችም። «ሐሳቡ ሲመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። ቢላዋ እንደምደብቅ፣ ልጄን እንደማልታቀፍ ነገርኳት። «ሊጎዳት የሚፈልግ ሰው ቢላዋ ይደብቃል?» አለችኝ።

ከዚያም አስረዳችኝ። ሕመሙ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ በአጭሩ ኦሲዲ ይባላል። ሁለት እግር አለው፤ አንደኛው ሳይፈልጉት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ወይም ምስል ነው፣ ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማብረድ ተገድደው የሚደጋግሙት ድርጊት ነው፤ ድርጊቱ በእጅም፣ እንደ እኔ ቆጠራ በልብም ሊሆን ይችላል። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ ወይም ኑሮን ሲያሰናክል ሕመም ይሆናል፤ የእኔ አራትና አምስት ሰዓት ነበር። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነውን በሕይወት ዘመኑ እንደሚያገኘው ያሳያሉ። በቤተሰብም ይወርዳል፤ ይህን ስትለኝ ከለቅሶ ቤት ድንኳን ተነሥቶ የቤቱን በር ሊነካ ይመለስ የነበረውን አባቴን አስታወስኩት።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣውን የሁለት ተመራማሪዎች ጥናት የነገረችኝ ጊዜ ነው። ራክማንና ዴ ሲልቫ ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ፣ ከመቶ ወደ 80 የሚሆኑት እንደኔ ያለ ክፉ ሐሳብ ድንገት ብልጭ እንደሚልባቸው ተናግረዋል። ልዩነቱ ከሐሳቡ አይደለም፤ ጤነኛው ሐሳቡን እንደ መንገደኛ ያሳልፈዋል፣ እኔ ግን አስቁሜ መታወቂያ እጠይቀዋለሁ። ሐሳቡ አብዝተን በምንወደው ላይ የሚነሣውም ለዚህ ነው፤ ለማይገደን ነገር ማን ይጨነቃል? እዚህ ላይ ሐኪሟ ያሰመረችበትን ልጨምር፦ ሰውን ለመጉዳት የሚፈልግ፣ የሚያቅድ፣ ወይም «አድርግ» የሚል ድምፅ የሚሰማ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ልዩነቱን መለየት ግን የባለሙያ ሥራ እንጂ የእኔ ወይም የጎረቤት አይደለም።

አሥር ጥያቄ ያለበት መመዘኛ ሞላችልኝ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ሲሆን የእኔ 27 መጣ፤ ከባድ የሚባለው ክልል ነው። ፍሉኦክሰቲን ታዘዘልኝ፤ በ20 ሚሊግራም ተጀምሮ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ስለ መድኃኒቱ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። መጀመሪያ ሆዴን አወከኝ፣ እንቅልፌን ቀነሰ፤ ጥቅሙ ግን ገና አልመጣም ነበር። ለኦሲዲ ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ባይነገረኝ ኖሮ በአምስተኛው ሳምንት ሽንት ቤት እጥለው ነበር። ሁለተኛ፣ የተሻለው ሰው በራሱ ሥልጣን ድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ እኔ አንድ ጊዜ ለፋሲካ ጾም ሰበብ አድርጌ አቋርጬ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ባጃጅ ምልልሱ ተመልሻለሁ።

የቀረው ሥራ የእኔ ነበር፤ ከባዱም እርሱ ነው። የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን ማረጋገጫውን መከልከል ማለት ነው። መሠረቱ የተጣለው ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ለንደን ውስጥ ሁለት ሕሙማንን በዚህ መንገድ አክሞ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1992 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች የሕሙማንን አንጎል በምስል ተመልክተው፣ መድኃኒቱም ይህ ልምምድም በአንጎል ውስጠኛ ክፍል አንድ ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጡ አሳይተዋል።

ከሐኪሟ ጋር መሰላል ሠራን፤ የምፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 በሚያስከትሉት ጭንቀት መጠን ደረደርናቸው። የመኝታ ቤት መብራትን አንዴ ብቻ አጥፍቶ መተኛት 25 ነበር። ጓጉንቸሩን አንዴ ቆልፎ፣ ሳይጎትቱ፣ ፎቶ ሳያነሡ መሄድ 70። ልጄ አጠገቤ እየዳኸች ሽንኩርት መክተፍ 95። ጓጉንቸሩን አንዴ ቆልፌ የሄድኩበት ቀን ትዝ ይለኛል፤ እስከ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ድረስ በእግሬ ሄጄ እዚያ ቆምኩ። ልቤ ይደልቃል፣ እግሬ ወደ ኋላ ይስበኛል፣ ባጃጆቹ ሁሉ እኔን ሊያሳፍሩ የሚቆሙ ይመስለኛል። የተሰጠኝ ትእዛዝ «ተቆልፏል» ብዬ ራሴን እንዳላጽናና ነበር፤ «ምናልባት ተቆልፏል፣ ምናልባትም አልተቆለፈም» ብዬ ከነጥርጣሬዬ እንድቆም ነው። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ጭንቀቱ ማንም ሳያጽናናኝ በራሱ ጊዜ በረደ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ይህንን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከመብረዱ በፊት ሁልጊዜ እሮጥ ስለነበር፣ ሳልሮጥም እንደሚበርድ የማወቅ ዕድል አልነበረኝም።

ባለቤቴም ተጠርታ አብራኝ ተቀመጠች፤ የቢላዋውን ነገር እዚያ ሰማች። አለቀሰች፤ ስምንት ወር የያዘችውን ቂም እዚያው አራገፈችው። ቀጥሎ ግን እርሷንም የሚያስደነግጥ ነገር ተነገራት። ማታ ማታ «ተቆልፏል ወይ?» ስላት «አዎን፣ ተቆልፏል፣ ተኛ» ትለኝ ነበር፤ አንዳንዴም ዘበኛውን ደውላ ታረጋግጥልኝ ነበር። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ጥርጣሬዬን ይቀልብ ነበር። ለቤተሰብ የምለውም ይኸው ነው፦ ታማሚውን አትቆጡት፣ «ተው እንጂ፣ ጠንከር በል» አትበሉት፣ ነገር ግን ለተመሳሳይ ጥያቄ መቶኛ መልስ አትስጡት። ድንገት በአንድ ቀን መከልከልም ደግ አይደለም፤ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። እኛ የተስማማነው «ይህን የጠየቀኝ ወስዋሱ ነው፤ ለእርሱ አልመልስም፣ አንተን ግን ቡና ላፍላልህ» እንድትለኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ቡናው ብዙ ጊዜ ፈልቷል።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመሄዱ በፊት በወረቀት ቢጽፍ መልካም ነው፤ አፍ ያፈረውን ወረቀት ይናገራል። ሐሳቡን እንዳለ፣ ሳያሳምሩ፣ ከዚያም ሐሳቡ ሲመጣ የሚያደርጉትንና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ መጻፍ ይበቃል። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ለሁሉም ግዴታ አይደለም፤ ጅማም የአእምሮ ሕክምና አለ።

ይህን የምጽፈው በ2017 ዓ.ም. ነው። መመዘኛው ለመጨረሻ ጊዜ ሲሞላ 11 ሆኗል። ሕመሙ ጠፍቷል አልልም፤ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ የቡናው ወቅት ሲገባና ጆንያው ሲበዛ ይነሣብኛል፤ መነሣቱን ስለማውቅ ግን በቀጠሮዬ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ። ልጄ አራት ዓመቷን አልፋለች፤ ሽንኩርት ስከትፍ ጉልበቴን ተደግፋ ትቆማለች፣ ሐሳቡም አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ እኔም ሽንኩርቴን እቀጥላለሁ።

የጓጉንቸሩን ፎቶዎች ሐኪሟ ፊት አጠፋኋቸው። አንዷን ግን ደብቄ አስቀርቻት ነበር፤ ባለፈው ወር ቀጠሮ ላይ ራሴ ተናዘዝኩ። ሐኪሟ ሳቀችና መሰላሉ ላይ ጻፈቻት፤ 40 ሰጥተናታል፣ እስካሁን አላጠፋኋትም።